ተጨማሪ መረጃ፦ መንጃ ፈቃድ የሌለው ጎረቤት

በአሜሪካ ብዙ ሰፈሮች ዳቦ ለመግዛት እንኳ መኪና ማስነሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ የኒው ጀርዚ ጥናት እንዳሳየው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ሳይኖርባቸው ኦቲዝም ካለባቸው ወጣቶች መንጃ ፈቃድ ያወጡት ከሦስት አንዱ ገደማ ናቸው፤ ኦቲዝም ከሌለባቸው ወጣቶች ግን ከ80 በመቶ በላይ። መስታወቱን፣ መብራቱን፣ ጡሩምባውንና የሌላውን ሹፌር ሐሳብ በአንዴ መከታተል፣ ድምፅና ብርሃን ለሚያስጨንቀው ሰው ከባድ ነው።

የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በአውቶቡስ መጠቀም ለማይችሉ ልዩ መጓጓዣ እንዲቀርብ ያዛል፤ ግን ከአውቶቡስ መስመሩ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ብቻ። አውቶቡስ በሌለበት ግዴታውም የለም (ሕጉ የሚያልቀው ችግሩ በሚብስበት ቦታ ነው ማለት ነው)። በተገኘበትም ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ይያዛል፤ ለድንገተኛ «ና፣ ቡና እንጠጣ» አይደርስም።