የሹራብ ዋጋ በክር ብቻ አይታሰብም

በእጅ ሹራብ ለመሥራት የሚጠይቀው መነሻ ካፒታል አነስተኛ ነው፤ ሁለት የሹራብ መርፌና ጥቂት ጥቅል ክር። ጀማሪዋ ከእናቷ ወይም ከጎረቤቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ወፍራም ክር በወፍራም መርፌ ይዛ ከሻርፕ ትነሣለች። ቀጥታውንና ግልባጩን ከለመደች በኋላ ቡናው ሲፈላ፣ ጨዋታው ሲደራ እጇ ሥራ አይፈታም።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። ለጎረቤት ስትሸጥ የምታስበው የክሩን ዋጋ ነው፤ ብዙ ምሽት የፈጀው ጉልበቷ ከወጪ አይገባም። ጉልበቷን ብታስብ ደግሞ ከማሽን ሥራና ከልባሽ ጨርቅ ጋር በዋጋ አትወዳደርም። ስለዚህ የሚያዋጣት ገበያ በልክና በትዕዛዝ የሚሠራው ነው። ሌላም ብልጫ አላት፤ ልጁ ሲያድግ ሹራቡ ተተርትሮ፣ ክሩ ታጥቦ በሌላ ልክ ይሠራል። ከተቆረጠ ጨርቅ የተሰፋው የፋብሪካ ሹራብ ግን ቢተረተር የሚወጣው ቁርጥራጭ ነው።

ክር ነጋዴውም ድርሻ አለው። አንድ ዓይነት የሚመስል ቀለም በተለያየ ጊዜ ሲነከር ይለያያል፤ ለዚህም በብዙ ክሮች መጠቅለያ ላይ የቀለም ዙሩ ቁጥር ይታተማል። አንድ ጥቅል የጎደላት ደንበኛ ተመልሳ ሌላ ቁጥር ብትገዛ እጅጌው ከደረቱ አይመሳሰልም። የሚባክነው ክሩ ብቻ ሳይሆን የምሽቶቹ ልፋት ጭምር ነው። ጥቅሎቹን በቁጥር ለይቶ የሚደረድርና ያልተፈታውን ትርፍ መልሶ የሚቀበል ነጋዴ ደንበኛ አያጣም።