ዓርብ በኢየሩሳሌም፤ ጸሎቱና ማዕዱ

ኢየሩሳሌምን ለማየት ከአንድ ቀን በላይ የሌለው መንገደኛ ቀኑን እንዲመርጥ ቢፈቀድለት ዓርብን ይምረጥ፤ የሙስሊሞች የጁምዓ ስግደት፣ የክርስቲያኖች የሕማማት ጉዞ፣ የአይሁድም የሰንበት ዋዜማ ሦስቱም በአንዲት ፀሐይ ተከታትለው የሚውሉበት ዕለት ነውና። ሱልጣን ሱለይማን ከ1537 እስከ 1541 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ያሠራው የድንጋይ ቅጥር የሚያቅፈው አሮጌው ከተማ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ እግሩ የጸና ሰው ቀኑ ሳይመሽ አራቱንም ሠፈሮች አዳርሶ ይወጣል። ነገር ግን እሳት የሚነድበትንና የሚጠፋበትን፣ ሥጋ የሚቀርብበትንና የሚከለከልበትን፣ እርሾ ያለው እንጀራ የሚጋገርበትንና ከቤት የሚወገድበትን ጊዜ የሚወስነው የአምልኮ ሥርዓት በመሆኑ፣ መቅደሱን አይቶ ማዕዱን የናቀ፣ ወይም ማዕዱን ቀምሶ መቅደሱን ያለፈ ሰው ከተማይቱን አይቻታለሁ ለማለት አይደፍርም።

ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ በደማስቆ በር ደረጃዎች ላይ መጀመሪያ የሚቀበለው የከዕክ ሽታ ነው። ከዕክ ሰሊጥ የለበሰ፣ እንደ ረጅም ቀለበት የተዘረጋ ዳቦ ሲሆን፣ ሻጩ በጋሪው ላይ ደርድሮት ይቆይና ለገዛው ሰው በቁራጭ ወረቀት የተጠቀለለ ዛዕተር ይጨምርለታል፤ ዛዕተር ደግሞ የደረቀ ቅጠል ከሰሊጥ፣ ከጨውና ሱማቅ ከሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰናዳ ቅመም ነው። ቅጠሉ በመዝሙረ ዳዊት የተነገረለት ሂሶጵ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ከጎኑ በምድጃ የበሰለ እንቁላል ይሸጣል፤ ኢትዮጵያዊው ምእመን ግን ዕለቱ ጾም ነውና እንቁላሉን ይተወዋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም ከሆነ ከዕኩን በዓይኑ ተሰናብቶ ያልፋል። ይህን ያህል መጨከን ለማይቻለው መንገደኛ ግን ከተማይቱ ርኅሩኅ ናት፦ በየጠባቡ መንገድ ዳር በትልልቅ የብረት ማሰሮ የሚንተከተከው ፉል፣ ሽምብራው ተቀቅሎና ተፈጭቶ ከሰሊጥ ቅቤና ከሎሚ ጋር የሚለወሰው ሑሙስ፣ በዘይት የሚጠበሰውም ፈላፍል፣ ሁሉም የዐረብ ሙስሊሞች የዘወትር ቁርስ ሆነው ሳለ በእኛ ሥርዓት ቢመዘኑ የጾም ምግብ ናቸው። አይብ በመሐሉ የተኛበት፣ በስኳር ሽሮፕ የሚታጠበው ኩናፋ ግን ለነገ ይደር።

ከዚያ ወደ ጎልጎታ። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ አሳንጾት በ335 ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው፣ በ1009 በግብፁ ገዢ በአል ሐኪም ትእዛዝ የፈረሰው፣ የመስቀል ጦረኞችም በ1149 እንደ ገና ያከበሩት ይህ የቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ግሪኮች፣ ላቲኖች፣ አርመኖች፣ ቅብጦች፣ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን ሰዓትና ስፍራ ተካፍለው የሚያስቀድሱበት ነው። የክፍፍሉን ሥርዓት የኦቶማን መንግሥት በ1852 ባወጣው ትእዛዝ ሁሉም እንደ ነበረ ይቆይ ብሎ ስላጸናው፣ ማን የትኛውን ቀንዲል እንደሚያበራ፣ ማን የትኛውን ደረጃ እንደሚጠርግ ሳይቀር የተወሰነ ነገር ነው፤ ከዋናው በር በላይ በመስኮቱ ሥር የቆመችው አጭር የእንጨት መሰላል ቢያንስ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሥዕል የምትታየው፣ ማንም ብቻውን ሊያነሣት መብት ስለሌለው ነው። የበሩ ቁልፍ ሳይቀር በሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች እጅ ይገኛል፤ የጁዳህ ቤት ቁልፉን ይጠብቃል፣ የኑሰይባ ቤት በሩን ይከፍታል። ይህን አይተው ኢየሩሳሌም የፍቅር ከተማ ናት ብለው የሚጽፉ አሉ። እኔ ግን ሰላሙን ያቆየው እያንዳንዱ ባልንጀራውን በዓይነ ቁራኛ መጠበቁና ለዚህም ጥበቃ ሁሉም የሚገዛለት ሕግ መኖሩ ይመስለኛል፤ ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

የእኛም አባቶች ከዚህ ክርክር ውጭ አይደሉም። ከቅድስት ሄለና ጸሎት ቤት ጣራ በላይ በተሠሩት ጎጆ መሳይ በዓቶች ውስጥ የሚኖሩት የዴር ሱልጣን መነኰሳት ከግብፃውያን ጋር ስለ ይዞታው የሚያደርጉት ሙግት ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ተሳላሚው በአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤት ገብቶ፣ ጠባቡን ደረጃ ወርዶ፣ በቅዱስ ሚካኤል በኩል ወደ ታችኛው አደባባይ ሲወጣ፣ ግዕዝ ከሚሰማበት ጣራ ወደ ግሪክና ወደ ላቲን ቋንቋ የሚወስደው መንገድ የጥቂት እርምጃ መሆኑን ይረዳል።

ቀትር ሲደርስ ሁሉም መንገድ ወደ አል አቅሳ መስጊድ ይፈስሳል። በዓርብ ቀን ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ መስጊዱ ወዳለበት ወደ ሐረሙ አደባባይ ስለማይገባ፣ ኸሊፋ ዐብደል መሊክ በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያሠራውን ባለ ወርቅ ጉልላት ቁብበት አስ ሰኽራን ከሩቅ ማየት ግድ ነው፤ ስግደቱ ሲፈታ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ በጥጥና በቅመም ገበያዎች በኩል ሲወጣ ግን ማየት ብቻ አይበቃም፣ ግድግዳ ተጠግቶ ማሳለፍም ያሻል። የዚያን ባለ ወርቅ ጉልላት ቤት ሰማያዊ የሸክላ ንጣፎች ለማደስ በ1919 የተጠራው ከኩታህያ የመጣ አርመናዊ ክርስቲያን ዴቪድ ኦሃኔስያን ነበር፤ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የኢየሩሳሌም ባለ ቀለም ሸክላም ከእርሱና ከተከታዮቹ እጅ የተወለደ ጥበብ ነው።

የአርመኖች ሠፈር ከሁሉ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ካቴድራል ደጀ ሰላም ደወል በተከለከለበት ዘመን ለጸሎት መጥሪያ ይመቱ የነበሩት ጣውላዎች እስከ ዛሬ ተንጠልጥለዋል፤ የገዳም መረዋ ሰምቶ ያደገ ኢትዮጵያዊ እንግድነት አይሰማውም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ከእልቂት ያመለጡትን አርባ አርመናውያን የሙት ልጆች አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው ከዚሁ ገዳም ሲሆን፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። በስስ ሊጥ ላይ የተከተፈ ሥጋ ተዘርግቶ የሚጋገረው ላሕማጁን የዚህ ሠፈር መታወቂያ ቢሆንም ዓርብ ለእኛ አይሆንም።

ፍራንቸስካውያን መስቀል ተሸክመው የሕማማቱን መንገድ የሚጀምሩት በብርዱ ወራት በዘጠኝ፣ በሙቀቱ ወራት በአሥር ሰዓት ነው። ጌታ ነፍሱን በፈቃዱ በለየባት በዘጠኝ ሰዓት ጾሙን የሚገድፍ ኢትዮጵያዊ ሳይቀር አብሯቸው በቆመ ነበር፤ ሆዱ ካላስቸገረው። ዐሥራ አራቱን ማረፊያዎች በዜማ እየተቀበሉ ሲሄዱ ከዕክ ሻጩ ጋሪውን ጠጋ አድርጎ ያሳልፋቸዋል፤ ሽያጩን ግን አያቋርጥም።

ችግሩ በዚሁ ሰዓት በምዕራቡ ከተማ የማሐነ ይሁዳ ገበያ ለመዝጋት መጣደፉ ነው። ከኩርዲስታንና ከኢራቅ የመጡ አይሁድ ያስለመዱትን፣ በሥጋ የተሞላውን የኩባ ሾርባ የሚሻ ሰው ጉዞውን መተው አለበት፤ ለጿሚ ግን ሁለቱ አይጋጩበትም። እርሱ በነቢያት ጎዳና አድርጎ፣ በዐፄ ዮሐንስ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመውን ክቡን የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ፀሐይ ከመጥለቋ 40 ደቂቃ አስቀድሞ የሰንበት መግቢያ ሳይረን ሲነፋ በየቤቱ መብራት ይለኮሳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት ማንደድ ክልክል ነው።

ይህ ክልከላ ብዙ ምግብ ወልዷል። ሥጋው፣ ባቄላውና ገብሱ አስቀድሞ በተለኮሰ እሳት ላይ ተጥዶ ሌሊቱን ሙሉ ይበስላል፤ የምሥራቅ አይሁድ ሐሚን፣ የአውሮፓ አይሁድ ቾሌንት ይሉታል፤ የየመን አይሁድ ደግሞ ሊጡን ጠቅልለው ጃሕኑን ብለው ያሳድሩታል። ከጎንደርና ከትግራይ የሄዱት ቤተ እስራኤል ግን በሀገራቸው ሳሉ ሕጉን ከዚህ አጥብቀው፣ በሰንበት እሳት በምድጃ እንዳይገኝ ያደርጉ ስለነበር፣ ዓርብ የተጋገረውን ዳቦ ቄሱ ከባረኩት በኋላ ወጡን ቀዝቃዛውን ይበሉ ነበር። ሐሚን ለመቅመስ የሚፈልግ እንግዳ ሕጉን በሚጠብቅ ምግብ ቤት ቅዳሜ ቀትር በገንዘቡ አያገኘውም፤ የሚጋብዘው ቤት ያስፈልገዋል፣ ለዚያ ደግሞ አንድ ቀን አይበቃውም።