የሱሑር ቅንጬ በፕሬሸር ኩከር፦ አጃ፣ ተምርና ትዕግስት



ሰኞና ሐሙስ የምንጾም ተማሪዎች ችግራችን ይታወቃል። ሱሑር ብለን የምንበላው ብዙ ጊዜ ከማታ የተረፈ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ረፋድ ላይ ላብራቶሪ ስንገባ ሆዳችን ይጮኻል፣ ዐይናችን ይጨልማል። አንዳንዶቻችን ደግሞ ጭራሽ ሳንነሳ ፈጅር ይገባብናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱሑርን እንድንበላ ያሳሰቡን በረካ ስላለበት ነው። በረካውን የምንፈልግ ከሆነ ለሰበቡ ትንሽ መልፋት አይከብደንም።

በዚህ ጽሑፍ ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ጓደኛሞች የለመድነውን የአጃ ቅንጬ በፍራፍሬ አሠራር እናካፍላችኋለን። ለጾመኛ ሱሑር፣ ለማይጾም ቁርስ ይሆናል። የምናበስለው በፕሬሸር ኩከር ነው። ሥራው ቀላል ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ትዕግስት ይጠይቃል። ይህን የተማርነው ተሳስተን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምን ሆነ?

አጃውን፣ ወተቱንና ፍራፍሬውን በአንድ ላይ ኩከሩ ውስጥ ጨምረን፣ እስከ አፉ ሞልተን ከደንነው። ፈጅር ሊገባ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር «በቃ፣ በስሏል» ብለን ፊሽካውን በሹካ አነሳነው። የፈላ ወተትና አጃ ወደ ላይ ተተኩሶ ጣሪያውንና ግድግዳውን ለቀለቀው። ሹካውን የያዘው ወንድማችን ፊቱን ወደ ኋላ ባይመልስ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተቃጠለም። ያን ቀን አንዳንድ ተምርና ውሃ ቀምሰን ጾምን። የሚያሳፍረው ሁላችንም ቴርሞዳይናሚክስ የወሰድን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች መሆናችን ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላም ቅንጬም ደጋ ላይ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። ፕሬሸር ኩከር ግን እንፋሎቱን አምቆ ይይዛል። በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በ100 ኪሎፓስካል ያህል ሲበልጥ የውሃው መፍያ ወደ 116 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ምግቡም ቶሎ ይበስላል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፊሽካውን በድንገት ስናነሳ ግፊቱ ይወርዳል። 116 ዲግሪ የደረሰው ውሃ በ92 ዲግሪ ሊፈላ የሚገባው ሆኖ ስለሚገኝ ከታች እስከ ላይ በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። ተራ ውሃ ቢሆን አረፋው ወዲያው ይጠፋል። የአጃ ስታርች ግን ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፣ ፈሳሹንም ያወፍረዋል። ስለዚህ አረፋው ሳይፈነዳ እየተደራረበ ይወጣል፤ የእንፋሎት መውጫውን ቀዳዳም ሊደፍን ይችላል። የዚህን ድስት የመጀመሪያ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1679 የሠራው ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፔን የደኅንነት ቫልቭ ያበጀለት ያለ ምክንያት አልነበረም።

መፍትሔው፦ ሳህን በድስት ውስጥ

አጃውን በቀጥታ ኩከሩ ውስጥ አንጨምረውም። ኩከሩ ሥር ውሃ ብቻ ይሆናል፤ አጃው ከውሃው ከፍ ብሎ በሚቀመጥ ጎድጓዳ የብረት ሳህን ውስጥ በእንፋሎቱ ሙቀት ይበስላል። እንዲህ ሲሆን አረፋው ቀዳዳው ጋር አይደርስም፣ ሥሩም አያርም።

ለሦስት ሰው የሚያስፈልገን፦

- 1 ብርጭቆ የአጃ ክክ (ለቅንጬ የሚሸጠው)
- 3 ብርጭቆ ውሃ፣ ለኩከሩ ሥር ደግሞ ሌላ 2 ብርጭቆ
- 7 ተምር፣ ፍሬው ወጥቶ የተከተፈ
- 1 ፖም ከነልጣጩ የተከተፈ (የጨንቻ ፖም ከተገኘ እሰየው)
- ቁንጥር ጨውና ጥቂት ቀረፋ
- ከበሰለ በኋላ የሚጨመር፦ 1 ብርጭቆ ትኩስ ወተት፣ 2 ሙዝ ወይም 1 ማንጎ፣ አንድ እፍኝ ለውዝ

አሠራሩ፦

1. ማታ ከኢሻእ በኋላ አጃውን አጥበን በሦስቱ ብርጭቆ ውሃ እንዘፈዝፋለን። ወተት አንጨምርም፤ ሌሊቱን ሊበላሽ ይችላል።

2. ፈጅር ከመግባቱ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በፊት እንነሳለን። የክዳኑን ጎማና ቀዳዳውን እናያለን። ቀዳዳው በብርሃን ሲታይ ማሳለፍ አለበት።

3. ኩከሩ ሥር 2 ብርጭቆ ውሃ እናደርጋለን፤ ቀዳዳ ያለውን ማስቀመጫ ብረት እናስገባለን። ተምሩን፣ ፖሙን፣ ጨውንና ቀረፋውን ከአጃው ጋር ቀላቅለን ሳህኑን ከላዩ እናስቀምጣለን። ሳህኑ ከግማሽ በላይ መሙላት የለበትም።

4. ኩከሩ ማፏጨት ሲጀምር እሳቱን ቀንሰን 20 ደቂቃ እንቆጥራለን። ባሕር ወለል ላይ 12 ደቂቃ ያህል ይበቃው ነበር። ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር 5 በመቶ ሲጨመር ለአዲስ አበባ ወደ 15 ደቂቃ ይመጣል። ሳህኑ ሙቀቱን ስለሚያዘገየው እኛ 5 ደቂቃ እንጨምራለን።

5. እሳቱን አጥፍተን ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ 15 ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን። ፊሽካው ሲነካ ምንም የማይተነፍስ ከሆነ ብቻ ክዳኑን እንከፍታለን። ክዳኑ እምቢ ካለ አንታገለውም፤ ገና ግፊት አለ ማለት ነው።

6. ወተቱን ጨምረን እናማስላለን፤ ሙዙንና ለውዙን ከላይ እናደርጋለን። ማንጎና ፓፓያም እንዲሁ በመጨረሻ ይገባሉ፤ ቫይታሚን ሲ በሙቀት ስለሚቀንስ ባይበስሉ ይሻላል። ስኳር አያስፈልግም፣ ተምሩ ይበቃል።

«ለምን ማታውኑ አብስለን አናስቀምጠውም?» የሚል ይኖራል። የበሰለ እህል ያለ ፍሪጅ ሌሊቱን ሲያድር ባክቴሪያ ይራባበታል። ፍሪጅ የሌለን ስለሆነ ማታ መዘፍዘፍን፣ ሌሊት ማብሰልን መርጠናል። የመጠበቂያው ጊዜም አይባክንም፤ አንዳችን ምድጃውን ሲጠብቅ ሌሎቻችን ሁለት ረከዓ እንሰግዳለን፣ ከዚያ እንቀያየራለን።

ለምን አጃ?

አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ አሰር አለ። ሆድ ውስጥ ፈሳሹን ስለሚያወፍር ምግቡ ከጨጓራ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ስኳሩም ወደ ደም በዝግታ ይገባል። ግድግዳችንን ያበላሸው ውፍረት ሆዳችን ውስጥ ሲሆን ይጠቅመናል ማለት ነው። ለውዙና ወተቱ ፕሮቲን ይጨምራሉ። ይሁንና ተምርም ስኳር ነው፤ የስኳር ሕመም ያለባችሁ መጠኑንም ጾሙንም ከሐኪም ጋር ተመካከሩ።

ዶርም ለምትኖሩ

ዶርም ውስጥ ማብሰል ክልክል ከሆነ ደንቡን መጠበቅ አማና ነው። ኩከር ደብቃችሁ አታስገቡ። የተዳመጠ አጃ ከሱቅ ገዝታችሁ ሌሊት ከፔርሙዝ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፤ 10 ደቂቃ ከድናችሁ ተምርና ሙዝ ጨምሩበት። እንደ ቅንጬው ባይሆንም ከሻይና ዳቦ ይሻላል።

እኛ ከዚያ ቀን ወዲህ ፊሽካውን በሹካ ነክተን አናውቅም። ፈጅር ሊደርስ ሲል ኩከሩ ገና ካልተነፈሰ ተምርና ውሃ እንቀምሳለን፤ ቅንጬው ለማይጾም ቁርስ ይሆናል። ከአንድ ሱሑር የአንድ ወንድም ፊት ይበልጣል።

አላህ ጾማችንንም ትምህርታችንንም ይቀበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።