የ«ማግነም» ጥይት ምርጫ፦ ኃይል ብቻውን ለምን አይበቃም?

በአሜሪካ የሩቅ ዒላማ ተኳሾችና አዳኞች የተዘጋጀ ጠመንጃ ከመግዛት ይልቅ ለራሳቸው ልክ በባለሙያ የሚያሠሩበት ልማድ አለ። እንዲህ ያለ ጠመንጃ የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የሚወስነው ስለ ሰደፉ ወይም ስለ አጉሊ መነጽሩ ሳይሆን ስለሚጎርሰው ጥይት ነው። የበርሜሉ ስፋትና የጥይት ማስቀመጫው ርዝመት የሚለካው በዚያ ነውና።

ብዙዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት «ማግነም» በሚባሉት ጥይቶች ላይ ነው። ቃሉ በላቲን «ትልቅ» ማለት ሲሆን፣ በተመሳሳይ ስፋት ከተሠሩት ከተለመዱት ጥይቶች የበለጠ ባሩድ የሚይዝ ቀለህ ያላቸውን ያመለክታል።

ልዩነቱን ለመረዳት ሁለት ጥይቶችን እናነጻጽር። 308 ዊንቸስተር የተባለው የተለመደ ጥይት 11.7 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ የቀረበው 300 ዊንቸስተር ማግነም ግን ያንኑ አረር በሰከንድ ወደ 900 ሜትር ያደርሰዋል። ፈጣን አረር ዒላማው ዘንድ ቶሎ ስለሚደርስ የመሬት ስበትና ነፋስ የሚያሳስቱት ጊዜ ያጥራል።

ይሁን እንጂ ፈጽሞ አያመልጣቸውም። በ100 ሜትር ላይ የተስተካከለ 300 ማግነም በ1,000 ሜትር ርቀት ከ7 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስም 2 ሜትር ገደማ ሊገፋው ይችላል። ርቀትና ነፋስ መለካት የማያውቅ ተኳሽ በጥይቱ ኃይል ብቻ ዒላማውን አያገኝም። አዳኝ ከሆነ ደግሞ እንስሳውን አቁስሎ ይሰድደዋል።

ኃይሉም ዋጋ ያስከፍላል። የሚነድደው ባሩድ ብዙ በመሆኑ በርሜሉ ቶሎ ይበላል፤ የ308 በርሜል 5,000 ጊዜ ያህል ተተኩሶበት ትክክለኛነቱን ሲጠብቅ፣ የ300 ማግነም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,500 ባለው ይደክማል። ሰደፉ ትከሻን የሚመታበት ኃይልም ይጨምራል። ምቱን የፈራ ተኳሽ ቃታውን ሲስብ ይደነግጣል፤ ልምምዱንም ይቀንሳል። በ1980ዎቹ በፊንላንድ ለውትድርና የተሠራው 338 ላፑዋ ማግነም ከዚህም የበረታ ነው፤ ጠመንጃው ከባድ፣ ጥይቱም ውድ ስለሆነ ተራራ ለሚወጣ አዳኝ አይመችም።

ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ራሱን የሚጠይቀው «የቱ ይበረታል?» ብሎ አይደለም። በእርግጥ የምተኩሰው ምን ያህል ርቀት ነው? ምን ላይ ነው? ምን ያህል ጊዜ እለማመዳለሁ? ጥይቱስ በአቅራቢያዬ ይገኛል? የሚሉትን ያስቀድማል። ዒላማው ከ300 ሜትር የማያልፍ ከሆነ የተለመደው ጥይት ይበቃዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ሊዘነጋ የማይገባው፣ ዒላማውን የሳተ አረር ዓይን በሚያይበት ርቀት እንደማይቆም ነው። ማግነምም ሆነ ሌላ የረጅም ጠመንጃ ጥይት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ጥንቁቅ ተኳሽ ከዒላማው በስተጀርባ አረሩን የሚያስቀር የአፈር ጉብታ ወይም ገደል ከሌለ አይተኩስም። በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ የያዘ ሰውም ቢሆን ይህን ርቀት ማስታወስ አለበት፤ መንደርና እርሻ፣ እረኛና መንገደኛ በተቀራረቡበት ደጋ ከጋራው ማዶ ባዶ ስፍራ እምብዛም የለምና።