ማንን ታውቃለች?

የሕይወት ክህሎት ስልጠና የሚባለውን ነገር በሩቅም ቢሆን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ፣ የሆቴል አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ ባነር። ጠዋት ቅድመ ፈተና ይሞላል፤ ከዚያ ስለ በራስ መተማመን፣ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ይወራል። በሦስተኛው ቀን ድህረ ፈተናው ተሞልቶ፣ አበሉ ተፈርሞ፣ ሰርተፍኬቱ ታድሎ፣ ፎቶ ተነስቶ ሁሉም ወደየመጣበት ይበተናል። ማታ ዜና ላይ የዚህን ያህል ሴቶች አቅም መገንባቱ ይነገራል።

ለሴቶቹ በእርግጥ ምን ተረፋቸው የሚለው ጥያቄ ግን ዓመታትን ያስቆጠረ ነው። በክርክሩ ሁለት ወገኖች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው ለድሃ ሴት የጎደላት እውቀትና ድፍረት ነው፣ እሱን ስጧት ሌላው ይከተላል ይላል። ሁለተኛው ወሬውን ተዉትና ገንዘቡን ስጧት ባይ ነው። ሁለቱም የሚጠቅሱት ማስረጃ አያጡም። ሁለቱም ግን ጭንቅላቷንና ኪሷን ሲፈትሹ በዙሪያዋ ስንት ሰው እንዳለ ሳይቆጥሩ ያልፋሉ። የስልጠናዎቹን ታሪክ ለሚያገላብጥ ሰው ደጋግሞ ብቅ የሚለው ይኸው ነው፤ ሰው ማጣት።

እ.ኤ.አ. በ2004 ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት በአዲስ አበባ ድሃ ሰፈሮች የሚኖሩ ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን ጠይቆ ነበር። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ ወደ ከተማዋ የመጡ ናቸው። ሠርተው ከሚያድሩት አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ ደክመው በወር የሚያገኙት በአማካይ ወደ 50 ብር ነበር። ክፍያው ያስደነግጣል፤ ከሱ ያልተናነሰው ግኝት ግን ስለ ጓደኛ የተጠየቁት ጥያቄ ላይ የወጣው ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጥ ጓደኛ የሌላቸው፣ ከእኩዮቻቸው ጋር የሚቀመጡበት ስፍራም የሌላቸው ሆነው ተገኙ።

ደላላ ወስዶ ሰው ቤት ያስገባትን ልጅ ማሰብ ይበቃል። ከግቢ የምትወጣው ወፍጮ ቤት ወይም ሱቅ ስትላክ ነው። ብትታመም፣ ደሞዟን ቢይዙባት፣ የቤቱ አባወራ ቢተናኮላት ለማን ትናገራለች? ከአገሯ መሸኛ ይዛ ስላልመጣች የቀበሌ መታወቂያ እንኳ ማውጣት ይቸግራታል። እንዲህ ያለችውን ልጅ እምቢ ማለትን አስተምሮ መመለስ ቀላል ነው፤ እምቢ ብላ በሌሊት ከዚያ ቤት ብትወጣ የት እንደምታድር ግን የስልጠናው ጥራዝ አይናገርም።

ከጥናቱ ሁለት ዓመት በኋላ መርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለ ፕሮግራም የተነሳው ከዚህ ግኝት ነው። ትምህርቱ ከሌላው የተለየ አልነበረም፤ ማንበብና መጻፍ፣ ንጽህና፣ ገንዘብ መያዝ፣ ራስን ከኤች አይ ቪ መጠበቅ። አሠራሩ ግን ከሆቴል አዳራሹ ጋር አይገናኝም። ከዚያው ሰፈር የተመለመሉ ሴቶች ቤት ለቤት በር እያንኳኩ ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉትን ልጆች ይፈልጉ ነበር። የቤት ሠራተኛ ካገኙ አሠሪዋን ያግባቡ፣ ይለምኑ፣ ተመልሰውም ይመጡ ነበር። ልጆቹ ቀበሌ በሰጠው ክፍል በየሳምንቱ ይሰበሰቡ ነበር፤ ሲታመሙ የሚታከሙበት ወረቀትም ይሰጣቸው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙ ዘገባዎች የሚያልፉት ይህንን ነው። በሩን ያንኳኳችው ሴት አንዲት ቃል ሳታስተምር አንድ ነገር ቀይራለች። የሠራተኛዋ አሠሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህችን ልጅ በስሟ የሚያውቃት፣ ብትቀር የት ናት ብሎ የሚጠይቅ የውጭ ሰው እንዳለ ታውቃለች። በኋላ ላይ በተደረገው ግምገማ ፕሮግራሙ የደረሳቸው ልጆች ካልደረሳቸው ይልቅ የሚደገፉበት ሰው አለን የማለት ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለ ኤች አይ ቪ ያላቸው እውቀትም ጨምሯል። ዘገባዎቹ ወደ ፊት የሚያመጡት ሁለተኛውን ነው፤ በፈተና ወረቀት የሚለካው እሱ ስለሆነ ይመስላል።

ከኢትዮጵያ ውጭም ነገሩ ይታያል። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት በዩጋንዳ ለወጣት ሴቶች የመንደር ክበብ ከፍቶ የሕይወት ክህሎትና የእጅ ሙያ አንድ ላይ አስተማረ። ከአራት ዓመት በኋላ ክበቡ በነበረባቸው መንደሮች ያለ ዕድሜ እርግዝና ቀንሶ፣ ገቢ ያላቸው ልጆች በዝተው ተገኙ። ይኸው ዕቅድ ወደ ታንዛኒያ ሲሄድ በገንዘብ እጥረት አፈጻጸሙ ተጎዳና ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም። ይበልጥ የሚያስገርመው ሴራሊዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወረርሽኙ ክፉኛ ባመሳቸው መንደሮች ልጃገረዶች ከወንዶች ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ጨመረ፤ ከጋብቻ ውጭ ማርገዝም በዛ። ክበብ በነበረባቸው መንደሮች ይህ ጉዳት በአብዛኛው ተከልክሏል። በዚያ ጭንቅ መሐል ልጆቹን ያዳናቸው የተማሩት ምዕራፍ ነው ብሎ ለመከራከር ይከብዳል።

ይህን አመለካከት የሚፈታተን ማስረጃም አለ፤ እሱም ከአማራ ክልል ገጠር የመጣ ነው። «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ልጃገረዶችን በቡድን አሰባስቦ፣ የትምህርት ቁሳቁስ ሰጥቶ፣ ከወላጆችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ውይይት ከፍቶ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማዘግየት ሞከረ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ጋብቻ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ፕሮግራሙ ያለበት ቦታ ላይ ያገቡት ከሌለበት ይልቅ በዙ። ወላጆች ሰርጉን ትንሽ አቆዩት እንጂ ሕጉ እስከሚለው 18 ዓመት አላቆዩትም ማለት ነው። በኋላ ድጋፎቹ ተነጣጥለው ሲሞከሩ ትንንሾቹን የጠበቃቸው ደብተርና እስክሪብቶው ሆነ፤ ከፍ ያሉት ዘንድ ደግሞ ሳታገባ ለቆየች ልጅ በየዓመቱ የሚሰጡት ሁለት ዶሮዎች ብቻቸውን ጋብቻን በግማሽ ያህል ቀንሰዋል። ሁለት ዶሮ! የልጅቷ ጓደኞች ብዛት የአባትን የኢኮኖሚ ስሌት እንደማይሽር ይህ ይናገራል፤ ሰው ማጣትን የሁሉም ችግር ቁልፍ የሚያደርግ ሰው ቢኖር እዚህ ጋ ይቆማል።

ገንዘቡስ? ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ያደረጉት ሙከራ በዚህ ላይ ብዙ ይጠቀሳል። ፋብሪካ ለመቀጠር ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ሥራውን አገኘ፣ ሌላው የአምስት ቀን የንግድ ስልጠናና 300 ዶላር ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። በዓመቱ ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በሲሶ ያህል አድጎ ተገኘ፤ ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ሥራውን ለቀዋል፣ ከባድ የጤና እክልም በዝቶባቸዋል። ይህን ይዘው ገንዘብ ስጡ ያሉ ብዙ ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲጠይቁ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የቀረ ልዩነት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሰው የማጣቱ ጉዳይ ስላልተቆጠረ የመጣውን ጉዳት መዘርዘር አይከብድም። የስልጠና በጀት ሲጠብብ ሦስቱ ቀን ይቀራል፣ ባነሩ ይቀራል፣ ለወራት ቤት ለቤት የምትዞረዋ ሴት ደሞዝ ግን ይሰረዛል። ሪፖርት የሚጽፈው ክፍል የሚጠየቀው ስንት ሴት ሰለጠነች እንጂ ከስድስት ወር በኋላ እርስ በርስ የሚደዋወሉት ስንቱ ናቸው አይደለም። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ ከተማ ኑሮ ገለጻ ተሰጥቷቸው ወደ መስፊያው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ሲጽፉ፣ ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት የሠራተኛቸውን ቁጥር የሚያክል ሰው እየለቀቀ በአዲስ ይተኩ እንደነበር ዘግበዋል። በዚያ ደሞዝ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስትና ለአራት የሚከራዩ ልጆች ሥራ ሲለቁ የሥራ ባህል የላቸውም መባላቸው ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ሴቶች ዘንድ ነገሩ ይከፋል። ሕጉ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽን መያዝና ጥቂት ዓረብኛም ይለመዳል። የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ውስጥ የገባችውን ሴት ግን አሠሪዋ ስልኳን ከወሰደባት ይህ ሁሉ ከቤቱ በር አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያኑን ሠራተኞች ቤይሩት ቆንስላ በር ላይ እያወረዷቸው ሄዱ። በዚያን ጊዜ ምግብና የቤት ኪራይ ይዘው ከደረሱት መካከል «እኛ ለእኛ በስደት» ይገኝበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው በሊባኖስ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ቋንቋና ሌላም ትምህርት ይሰጡ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ሴቶቹ ለመገናኘት ምክንያት ሆኗቸው ነበር፣ በክፉ ቀንም ማን የት እንዳለ የሚያውቁት በዚህ ነው።

አሁን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን እየተካሄዱ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. «ለነገዋ» የተባለው የሴቶች ተሃድሶና የክህሎት ማዕከል ተመርቋል፤ በዓመት እስከ 10,000 ሴቶች እንዲቀበል የታሰበ ነው። ማደሪያና የሙያ ስልጠና ያለው በመሆኑ ከሦስት ቀኑ አዳራሽ ጋር አይወዳደርም፤ ገብተው የሚወጡት ሴቶች ከምረቃው በኋላ አንድ ላይ እንዲቆዩ የሚያደርግ ነገር አለ ወይ የሚለው ግን ሊጠየቅ ይገባዋል። በሌላ በኩል በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎች እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ ሩቅ ሰፈሮች ሄደዋል። የተሰጣቸው ቤት ከለቀቁት ቀበሌ ቤት የተሻለ ሊሆን ይችላል። እንጀራ ጋግራ ለጎረቤት በዱቤ ትሸጥ የነበረች ሴት ግን ደንበኞቿ፣ እቁቧ፣ ልጇን የምታይላት ጎረቤቷና ዓመታት የከፈለችበት እድር ለየብቻ ተበትነውባታል፤ በአዲሱ ሰፈርም ሥራ ፈጠራ የሚል ስልጠና ላይ እንድትመዘገብ ይነገራታል።