የማይነሳ ተሽከርካሪ፡ ከመለዋወጫ በፊት ምርመራ

አንዳንዴ የሚነሳ፣ አንዳንዴ የማይነሳ ተሽከርካሪ የመስክ ሥራን ያስተጓጉላል፤ መለዋወጫው በግምት ሲቀየርም የመንግሥት ገንዘብ ይባክናል።

ምርመራው መካሄድ ያለበት ችግሩ በሚታይበት ወቅት ነው። ለሰዓታት የቆመ፣ በሚገባ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ዲናሞው በቂ ኃይል አልሞላውም።

መጠኑ ሳይወርድ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ ግን ሊፈተሹ የሚገባቸው ሞተሪኖው፣ የዛጉ የባትሪ ማሰሪያዎችና ባትሪውን ከሻሲው የሚያገናኘው ገመድ ናቸው። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ የነዳጅ መስመሩ፣ በቤንዚን መኪና ላይም የካንዴላው እሳት ይታያል።

አሽከርካሪው ችግሩ የተከሰተበትን ሰዓት፣ የተሰማውን ድምፅና ሞተሩ ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ እንደነበር መዝግቦ ለስምሪት ክፍሉ ሲያቀርብ ጋራዡ ከግምት ሥራ ይድናል።