ሳቪትሪ ለምን ተመለሰች?

አንድ ልጅ ጠዋት አሞኛል ይላል። እናቱ ግንባሩን ዳስሳ ትኩሳት እንዳለው ታውቃለች፤ ዛሬ ትምህርት ቤት አትሄድም ትለዋለች። አባትየው ይሰማና ምንም አልሆነም፣ ይሂድ ብሎ ያዝዛል። ልጁ ይሄዳል። እናቲቱም ዝም ትላለች።

ሕንዳዊው ደራሲ አር. ኬ. ናራያን እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተሙት «ዘ ዳርክ ሩም»፣ በእኛ አነጋገር «ጨለማው ክፍል» የተሰኘው ልብ ወለድ የሚጀምረው በዚህ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን ገጽ ቶሎ ያልፈው ይሆናል። ዕድሜዬን በነርስነት ላሳለፍኩት ለእኔ ግን የመጽሐፉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ሲታመም እኛ የጤና ሠራተኞች በመጀመሪያ የምንጠይቀው እናቱን ነው። ሳቪትሪ ከማንም በላይ የምታውቀውን ነገር ተናገረች፤ በገዛ ቤቷ ግን ቃሏ ከቁጥር አልገባም።

ከውጭ ለሚያያት ምንም የጎደላት አይመስልም። ባሏ ራማኒ ደራሲው በፈጠሯት በማልጉዲ ከተማ የኢንሹራንስ ኩባንያ ኃላፊ ነው። መኪና አለው። ቤታቸው ወጥ ሠሪ አለ፤ ባቡ የሚባል ወንድ ልጅ፣ ካማላና ሱማቲ የሚባሉ ሁለት ሴት ልጆችም አሏቸው። ታዲያ ራማኒ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ፊቱን ያያል። ምግቡ ካልጣመው ይቆጣል፤ ከሣቀም ሁሉም ይሥቃል።

በናቫራትሪ በዓል ባቡ ለአሻንጉሊቶቹ ማሳያ የኤሌክትሪክ መብራት ሊቀጥል ሲሞክር የቤቱ መብራት ይጠፋል። ራማኒ ልጁን ይመታዋል። ሳቪትሪ ባሏን አትሰድብም፣ አትጮህም። ከማድቤቱ አጠገብ ወዳለው ጨለማ ዕቃ ቤት ገብታ መሬት ላይ ትተኛለች፤ እህልም አትቀምስም። ጎረቤቷ ጃናማ ልታጽናናት ትመጣለች፤ የምታቀርብላት ግን ባሎቻቸውን ታግሠው የኖሩ ሴቶችን ታሪክ ነው። ሳቪትሪም ትነሣለች። ነገሩ ኩርፊያ ነበር ተብሎ ታለፈ። ውድ አንባቢያን፣ እኔ ግን ኩርፊያ ነው ለማለት ይከብደኛል። ቃሉ የማይሰማለት ሰው የቀረው መናገሪያ ዝምታና ረኀብ ብቻ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል። ራሴን ያመኛል፣ እህል አይወርድልኝም እያሉ ጤና ጣቢያ ከሚመጡት ሴቶች መካከል ሕመማቸው ከቤት የሚጀምር ስንቶቹ እንደሆኑ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል።

በኋላ ሻንታ ባይ የምትባል ሴት በራማኒ መሥሪያ ቤት ትቀጠራለች፤ እሱም ከእሷ ጋር ይወዳጃል። ደራሲው ሻንታ ባይን ክፉ ብቻ አድርገው አልሣሏትም። ሰካራምና ቁማርተኛ ባሏን ትታ፣ ተምራ፣ ሥራ ፍለጋ የመጣች ሴት ናት። አንዷ ትዳሯን ጥላ መውጣት የቻለችው፣ ሌላዋ ያልቻለችው ለምን እንደሆነ አንባቢው ራሱ እንዲያስብ ይተዉለታል።

ሳቪትሪ አንድ ሌሊት ጌጣጌጧን አውልቃ ለባሏ ትመልሳለች። ልጆቼን ልውሰድ ብትል ከለከላት። ብቻዋን ወጥታ ወደ ሳራዩ ወንዝ ትወርዳለች። ከሞት ያወጣት ማሪ የሚባል ቁልፍና ጃንጥላ ጠጋኝ ነው። ሚስቱ ፖኒ ወደ መንደራቸው ትወስዳታለች። ፖኒ ባሏን በምላሷ የምትገዛ ድኻ ሴት ናት። ሳቪትሪ ግን የሰው እጅ ማየት አልፈለገችም፤ ቤተ መቅደስ እየጠረገች በጥቂት ሩዝና ሳንቲም ልትኖር ትጀምራለች። በላቧ ያገኘችው እንጀራ የመጀመሪያው ይህ ነበር። ሲመሽ ግን ፍርሃቱም የልጆቿ ናፍቆትም መጣባት። ተመለሰች።

አንዳንዶች ተሸነፈች ይላሉ፤ ሌሎች የእናት ወግ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ መሄጃዋን ልጠይቅ። በአገር ደረጃ ለሂንዱ ሴቶች ፍቺን የፈቀደው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ለሴት ልጅ ከአባቷ የመውረስ መብት የሰጠው ደግሞ በ1956። ሳቪትሪ ትምህርት፣ ደመወዝም ሆነ የራሷ ጣሪያ አልነበራትም። ስሟ እንኳ ከባድ ሸክም ነው፤ በማሃባራታ የምትገኘው ሳቪትሪ ባሏን ከሞት አምላክ እጅ ያስመለሰች የታማኝ ሚስት ምሳሌ ናትና።

ቤት ከገባች በኋላም እርቅ አልወረደም። ልጆቿ ተደሰቱ፤ በእሷ ውስጥ ግን የሞተ ነገር አለ። አንድ ቀን ማሪ የሚጠገን ዕቃ እየጠራ በደጇ ያልፋል። ያዳናትን ሰው ጠርታ ልታበላው ልቧ ይነሣል። ነገር ግን የእኔ የምለው፣ የምሰጠው ምን አለኝ ብላ ትተወዋለች። ድምፁ እየራቀ ይሄዳል።

ይህ መጨረሻ ያሳዝናል። ሆኖም ሳቪትሪ በዚያ ክፉ ሌሊት ያሰበችው አንድ ነገር አለ፦ ካማላና ሱማቲ እስከ ዩኒቨርሲቲ መማር አለባቸው፣ ኑሯቸው በትዳር ብቻ መንጠልጠል የለበትም የሚል ነው። ሴቶች ልጆች ያሏችሁ ወላጆች መጽሐፉን ስታገኙ ይህን ክፍል አብራችኋቸው አንብቡት። እስከዚያው ግን፣ በቤታችሁ ዝም ያለች ሴት ካለች ኩርፊያ ነው ብላችሁ አትለፏት፤ ምን እንደሆነች ጠይቋት፤ ስትናገርም አዳምጧት።